ባዳ ነበርን

በሩቅ ላለኸው ለቀድሞ ወዳጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? የመርከብ ፋብሪካው ብናኝ እያሳለህ መሆኑን የአክስትህ ልጅ ነግራኛለች። አድራሻህን የሰጠችኝም እሷ ናት፤ እንዳትቆጣት። እኔ ደህና ነኝ። ይህን «ደህና ነኝ» ስጽፍ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ተቀምጬ መጻፍ ስላቃተኝ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ መደርደሪያ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፍልህ።

ያን ዕለት መቼም አልረሳኸውም። ልንጋባ ነው ብለን በየቤታችን በተናገርን በሦስተኛው ቀን፣ አባቴ የትውልድ መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልሎ እናንተ ግቢ ድረስ ይዞት መጣ። ጣቱን ከስምህ ወደ ስሜ እየጎተተ፣ «የሁለታችሁም የቤተሰብ ስም ኪም ነው፤ መነሻችሁም አንድ ነው። በትውልድ ከተቆጠረ ደግሞ አጎቷ ነህ» አለህ። አንድ የቤተሰብ ስምና አንድ መነሻ ያላቸው እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግም ከእሱ ጋር ነበር። አንተ «በሃያ ትውልድ የራቀ ዘመድ ምን ዘመድ ነው?» ብትለው፣ «ዘሩን የማይለይ ውሻ ብቻ ነው» ብሎ መሬት ላይ እንትፍ አለ። በግንቦት ሄድክ።

አባቴ በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ ዐረፈ። ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ጠራኝና በሩን ዝጊ አለኝ።

«አያቴ ኪም አልነበረም» አለኝ።

«ታዲያ ማን ነበር?»

«ድንጋይ።»

እየቃዠ መስሎኝ ነበር። ለካስ የሰው ስም ነው። አያቱ የእናንተ ቤት ባሪያ ነበር። ድንጋይ እያሉ ይጠሩታል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። ሰው ሁሉ በቤተሰብ ስም ይመዝገብ የተባለ ጊዜ የጌታውን ስም ወሰደ። ልጁ ደግሞ ወይፈን ሸጦ በእናንተ የትውልድ መዝገብ ውስጥ ስማቸውን አስገባ።

«ይህን እያወቅህ ነው እንግዲህ የከለከልኸን?» አልኩት።

«እያወቅሁ። ልጄ፣ ስሙን የወረሰ ሰው ሊዘነጋው ይችላል። የገዛው ግን ተኝቶም ይጠብቀዋል። ያን ቀን እሺ ብል ኖሮ፣ እነዚህ ሰዎች ዝምድና ማፍረስ የማይፈሩት ለምንድን ነው ብለው መቆፈር ይጀምሩ ነበር።»

ልጮህበት ፈልጌ ነበር። ትራሱን አስተካከልኩለት።

ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ነክቼው የማላውቀውን የታችኛውን መደርደሪያ ከፈትኩ። ከመቶ ዓመት በፊት በመንደራችን የነበሩት የኪም ቤቶች ስድስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የእናንተ። የቀሩት ቡችላ፣ ጸደይ፣ ድንጋይ እየተባሉ ነው የተጻፉት። በቀጣዩ መዝገብ ላይ ኪም ሠላሳ አንድ ቤት ደረሰ። ዛሬ ከስልሳው ቤት ሃምሳ ሁለቱ ኪም ነው። የስድስቱ ቤት ሴቶች በየዓመቱ መንታ ቢወልዱ እንኳ እዚህ አይደርሱም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። የእኔ ሰዎች የእናንተን በሬ ከመጠበቅ በቀር ከእናንተ ጋር ምንም አልነበራቸውም። የከለከለን ደም ጭራሽ አልነበረም።

ባለፈው ወር ፍርድ ቤቱ ያን ሕግ ሲሽረው ቢሮ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አለቃዬ «እንግዲህ ኪሞች ተፈቱ! ሩጡ!» ብሎ አሳቀን። እኔ ማኅተሙን ዘቅዝቄ መታሁት።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ልጅ ልንገርህ። ሚሪም ትባላለች። የወንድሜ ልጅ ናት፤ መዝገቡ እንደዚያ ይላል። የተወለደችው አንተ በሄድክ በሰባተኛው ወር፣ በታኅሣሥ ነው። ወንድሜና ሚስቱ ከተማ ስለሆኑ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አክስቴ ትለኛለች። እንደ አንተ ግራኝ ናት፤ ከእኛ ቤት ግራኝ ወጥቶ አያውቅም። ስትወለድ ያስመዘገባት አባቴ ራሱ ነበር። ጸሐፊው የአባቷን የቤተሰብ ስም ቢጠይቀው «ኪም» አለው። ኪም በሞላበት አገር ማን ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቃል? ደግሞም አባቴ ያን ቀን አልዋሸም።

ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መጥታ «አክስቴ፣ እኛ የትኞቹ ኪሞች ነን?» ብትለኝ፣ እራትሽን ብይ አልኳት። እስከ መቼ እራትሽን ብይ እላታለሁ?

በሚመጣው ወር ሃያኛው ቀን ላይ ክፍሏ ፋብሪካችሁን ሊጎበኝ ይመጣል። ጠዋት በዋናው በር ይገባሉ። ቤትህን ላውክ፣ ባለቤትህን ላስከፋ አልፈልግም። ምንም እንድትናገርም አልጠይቅህም። ብቻ በሩ አጠገብ ቁም። ልጆቹ አርባ አምስት ናቸው፤ መምህራቸው «ኪም!» ብሎ ቢጣራ አሥራ ሁለቱ ይዞራሉ። አንተ ግን ታውቃታለህ።

ሳልህን ይንቀልልህ። እጅህን ከብረት፣ ልጆችህን ከክፉ ይጠብቅልህ።

በመዝገብ የወንድምህ ልጅ፣
በእውነቱ ግን ባዳህ