በዘፈን የተሸፈነው ምርቃት

አቶ ዓለሙ ሐዲስ ከአባታቸው ከአቶ ሐዲስ ሻዎ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የምሥራች ገብሬ በካፋ፣ በሺሺንዳ ከተማ በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ የሁለተኛ ደረጃውን ቦንጋ ተከታትለዋል። ከዚያም በቦንጋ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ቆይተው፣ በ1989 ዓ.ም. የራሳቸውን ቪዲዮ ካሜራ ገዝተው ሠርግና ለቅሶ መቅረጽ ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ በዛወርቅ ደጉ ጋር ትዳር መሥርተው ወንድማገኝንና ወንጌላዊትን አፍርተዋል።

በ1993 ዓ.ም. የታናሽ እህታቸውን የወ/ሮ ኮከብን ሠርግ ቀረጹ። በዕለቱ እናታቸው ሙሽሮቹን በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ረጅም ምርቃት መርቀው ነበር። አቶ ዓለሙ ፊልሙን ሲያቀናብሩ፣ እንደጊዜው ልማድ፣ ድምፁን አጥፍተው ዘፈን አስገቡበት፤ ዋናውን ካሴትም ለሌላ ሠርግ ደግመው ቀረጹበት። ወ/ሮ የምሥራች በዓመቱ ዐረፉ። ከአርባው በኋላ ቤተሰቡ ፊልሙን ሲያይ የእናት ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይዘረጋል፤ የሚሰማው ግን ዘፈን ነው። ወ/ሮ ኮከብ «ዓለምዬ፣ እማዬ ምን ብላ ነበር የመረቀችኝ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ዓለሙ ግን በምርቃቱ ሰዓት ብርሃኑን ሲያስተካክሉ ቃሉን አላዳመጡም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራራቸው ተለወጠ፤ ዋናውን ድምፅ ማጥፋት ተዉ። ካሜራ ከላይ ሲያይ ሰውን ያሳንሳል ብለው ስለሚያምኑ፣ ተቀምጠው የሚመርቁ ሽማግሌዎችን ተንበርክከው ይቀርጹ ነበር፤ የሱሪያቸው ጉልበት ጭቃ ተለይቶት አያውቅም። «ጋሽ ዓለሙ፣ ለቅሶ ያለ ዋሽንት ምን ለዛ አለው?» የሚሏቸው ደንበኞች ነበሩ። እሳቸውም አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ያሳዩአቸዋል። በዋሽንቱ አልቃሿ ከሩቅ አገር የመጣች ሰው ትመስላለች። ያለ ዋሽንቱ ግን ትንፋሿ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የጎረቤቷ «በቃሽ፣ በቃሽ» ይሰማል። ዋሽንቱን የመረጠውንም አላስቀየሙም፤ ዋናውን ድምፅ ግን ለብቻው አስቀምጠው አብረው ይሰጡት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የማንኪራን ጫካ ማር ቆራጮች የሚያሳይ ፊልም ሠርተው ቦንጋ በአንድ አዳራሽ አሳይተዋል። ዛፍ ላይ የወጣው ሰው በቅጠል ተሸፍኖ ሳይታይ የንቦቹ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ተመልካቹ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጉሮሮ ሕመም ተይዘው በጅማና በአዲስ አበባ ቢታከሙም ድምፃቸው ጠፋ። ቤተሰቡም ድምፃቸውን ለማግኘት የሠሯቸውን ፊልሞች ሁሉ ፈተሸ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከካሜራ ኋላ ዝም ብለው ስለኖሩ የተገኘው ጥቂት ነው። በአንድ ለቅሶ ላይ እሳቸውን አይተው እንባቸውን ለዋጡ እናት «እትዬ፣ ያልቅሱ፤ እኔን እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ» ሲሉ ይሰማል። ወንጌላዊት ይህን አልጋቸው አጠገብ ስታሰማቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በኋላም የቀብራቸው ፊልም ዘፈን እንዳይገባበት በእጃቸው ምልክት አሳዩ።

አቶ ዓለሙ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እህታቸው ወ/ሮ ኮከብ በሐዘን ላይ ናቸው። ዛሬ የምትቀርጸው ልጃቸው ወንጌላዊት ናት። ለቅሷችሁም፣ አፈሩ ሲወርድ የሚሰማውም እንዳለ ይቀመጣል፤ እባካችሁ አትሸሽጉት።

አምላክ በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበላቸው። እዚህ ሳይሰሙት ያለፋቸውን የእናታቸውን ምርቃት፣ እዚያ ከእናታቸው ከራሳቸው አንደበት ያሰማቸው። አሜን።