በገዛ ግቢዬ እንግዳ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንደያዘ

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል፣ ሆዴ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ደህና ሆኖ ስለማያውቅ አዲስ ነገር የለም። በስልክ ስናወራ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ሁለታችንም ሳንደማመጥ እንዘጋዋለን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። የጸሎት ቡድናችን መሪ ነርሷ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ልትልክልሽ ቃል ገብታለች። ጽሑፌ ከተንጋደደ ጥፋቱ የመነጽሬ ነው።

እሑድ የጭምትን ሕመም ስነግርሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። "እማዬ፣ ጭምትን ወደ ዘመዶቿ ላኪያት። የሳንባ በሽታ ነው፣ ይተላለፍብሻል። ሌላ ሠራተኛ እኔ አስቀጥርልሻለሁ" አልሽኝ። ስለ እኔ ፈርተሽ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ይሆናል። አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድኖቹን እንደገና አደራጅቷቸዋል። ድሮ የምንጸልየው ከመሰሎቻችን ጋር ነበር፤ የባለሱቆቹ ሚስቶች ለብቻ፣ የቤት ሠራተኞቹ ለብቻ፣ የቀን ሠራተኞቹ ደግሞ በር ላይ። ፓስተሩ አንድ እሑድ ተነሥተው፣ በጌታ ፊት እመቤትና ሠራተኛ የለም፣ አንድ አካል ነን ካላችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ ብለው በሰፈር በሰፈር መደቡን። እኔም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ። አሜን ማለት ቀላል ነው፤ ጉዱ መቀመጫው ሲመጣ ነው።

በኛ ቡድን የተመደብነው ነርሷ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከመው ሰውዬ፣ እኔና ጭምት ነን። ስብሰባው በየሳምንቱ በተራ በየቤታችን ነው። ባለቤቱ ቃል ያነብባል፣ ለእንግዶቹም በየተራ ይጸልያል። ባለፈው ሰሞን ነርሷ "ቀጣዩ በጭምት ቤት" ብላ አስታወቀች። እኔ ምን ገባኝ? ያው የኔ ቤት ነዋ ብዬ ሳሎኑን ሳዘጋጅ ዋልኩ። የሶፋውን ልብስ አጠብኩ፣ አንቺ የላክሽልኝን ስኒዎች አወረድኩ፣ ብስኩት ገዛሁ። ጭምትን "ዛሬ እንግዳ ስላለብን ቶሎ ቶሎ በይ" ስላት ዝም ብላ አየችኝ። ጭምት ብለሽ ስም ያወጣሽላት አንቺ አይደለሽ? ዝም ስትል የልቧን ማን ያውቃል።

ሰዓቱ ሲደርስ ከፊት ለፊቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ነርሷ ገባች፣ ሳመችኝ፣ አልፋኝ በግድግዳው ጥግ ወደ ጓሮ ሄደች። ተሸካሚው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፣ እሱም ወደ ጓሮ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አንሥተው "ደህና ዋሉ፤ እርስዎም ተጋብዘዋል?" አሉኝ። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ በሬ ላይ! እሳቸውም ወደ ሰርቪስ ቤቱ አለፉ።

ሳሎን ገብቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም። ብስኩቱ ተደርድሮ ያየኛል። ትንሽ ቆይቶ ጭምት በሩን አንኳኳች። ከፊት ለፊቱ በር ስታንኳኳ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

"እትዬ፣ ቦታ ይዤልዎታለሁ። እርስዎ ካልመጡ አንጀምርም" አለችኝ።

ብስኩቱን ይዤ ተከተልኳት።

ልጄ፣ ያቺን ክፍል ከደጅ እንጂ ከውስጥ ተቀምጬባት አላውቅም። ወንበሯ አንድ ነው፤ እሱን ለኔ አስቀምጠውልኛል። ነርሷ አልጋው ጫፍ ላይ ናት፣ ተሸካሚው ወለሉ ላይ፣ ዳኛው ደግሞ የተደፋ ባልዲ ላይ፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው። ወንበሬን ደገፍ ስል ጀርባዬ ግድግዳውን ነካና ቀሚሴ ራሰ። ከግድግዳው ወዲያ የኛ መታጠቢያ ቤት ነው። ቧንቧው ያፈሰሰው ሁሉ ወደሷ ኖሯል የሚሄደው። በአፍረት የማየው ጠፋኝ።

ከዚያ ጸለየች። ለዳኛው ዓይን፣ ለተሸካሚው ወገብ፣ ለነርሷ የሌሊት ፈረቃ። ከኔ ስትደርስ "ጌታ ሆይ፣ የእትዬን ጉልበት አበርታልኝ፣ ልጇን በደህና አምጣላት፣ ብቻዋን አታስቀራት" አለች። ለራሷ አንድም ቃል አልተነፈሰች። አሜን ከማለታችን ሳል ያዛት። ሳሏን ከሰማሁት ሰንብቻለሁ፤ ብርድ ነው ስትለኝ እኔም ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ነርሷ ግን ከእጇ መሐረቡን ቀማቻት፣ አየችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችውና "ነገ ጠዋት ሆስፒታል" አለች። ደም ነበረበት።

በማግስቱ ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ሳንባዋ ላይ ጥላ አለ አለን። ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ የአክታው ውጤት ሐሙስ ይታወቃል። "ሌላ" ያለውን ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አንቺ ላኪያት ያልሽኝን እኔም ሳላስበው ቀርቼ አይደለም። ሻንጣዋን እስከ መጎተት ደርሻለሁ። ዕድሜዬን ቆጠርኩ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል አልኩ። ግን ወደየት ልላካት? ዘመድ የምትያቸው ሞተው አልቀዋል፤ ያለችው አንዲት አክስቷ ራሷ የሰው ቤት ናት። ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ለቡድናችን አወጣሁት። ዳኛው እንደ ልማዳቸው ግራ ቀኙን አመዛዝነው ሊጀምሩ ሲሉ ተሸካሚው ቀደማቸው። "እትዬ፣ እሷን ትልቁ ቤት ለማስገባት ቀድመን የምንሸከመው የሷን አልጋ ነው ወይስ የርስዎን ቁም ሣጥን? ቀድሜ ልወቀው፣ ወገቤ እንደሁ አንድ ነው" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ነገሩ ተወስኖ አገኘሁት።

እንግዲህ አትቆጪኝ። ያለችው አንቺ ክፍል ውስጥ ነው።

ነርሷ ናት የመረጠችው። ሁለት መስኮት ያለው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባው እሱ ብቻ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሕመም አየርና ብርሃን ከመድኃኒት እኩል ነው አለችኝ። ልብሶችሽን አጥፌ እኔ ጋ ወስጃቸዋለሁ፣ አንዱም አልጠፋም። የጭምትን ዕቃ ዳኛውና ተሸካሚው ተረዳድተው አስገቡት። ሣጥኗ በር ላይ ሲሰነቀር ዳኛው በቁመቱ ይዙር ብለው ፈረዱ፣ ተሸካሚው በጎኑ ካልሆነ አይገባም ብሎ ይግባኝ አለ። ገባ፤ በጎኑ። ዳኛው ላባቸውን እየጠረጉ፣ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ደስ ብሏቸው የተረቱት ክርክር እንደሌለ ነገሩኝ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ፣ አፌን ሸፍኜ ነው የምገባው፤ ነርሷ በየቀኑ ትቆጣጠረኛለች። ቧንቧ ሠሪውም ከትናንት ጀምሮ ግድግዳውን እያፈረሰው ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው፣ የጠየቀኝን ዋጋ ሳልከራከር እሺ ብዬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁርሷን ይዤ ስገባ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ አልተኛችበትም። ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል።

"ምን ሆነሽ ነው ወለል ላይ?" አልኳት።

"አንሶላው ይቆሽሻል፣ እትዬ። የሷ ነው።"

ብለምናት እንቢ፣ ብቆጣት እንቢ። ይህን ሁሉ ዘመን አንዲት ትእዛዜን ያልጣለች ልጅ ዛሬ ልቧ ደነደነ። እኔም ትሪውን አስቀመጥኩና ግድግዳውን ይዤ ቀስ እያልኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከዚያም ጋደም አልኩ።

"እትዬ፣ ጉልበትዎ! ማን ያነሣዎታል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺ አልጋው ላይ ካልወጣሽ እኔም እዚሁ ነኝ። ሲመሽ ነርሷ ሁለታችንንም ትልቀመን።"

ሁለታችንም ጣሪያውን አየን። አንቺ ሕፃን ሳለሽ የለጠፍሻቸው ኮከቦች አሁንም አሉ፤ እኔ ቆሜ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ሳቅ ያዛት፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲለቅቃት አልጋውን ተደግፋ ተነሣችና እጇን ዘረጋችልኝ። እጇ ፍም ነበር። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ እሷ ጎተተችኝ፣ እኔ እሷን ላለመጣል ታገልኩ፣ ብቻ ሁለታችንም አልጋው ላይ ተገኘን። ትራሱን አስተካክዬላት ወጣሁና ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ተኝታለች። በሩን ከፍቼ ከሳሎን ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ስታስል አንጀቴ ይቆረጣል፤ ዝም ስትል ደግሞ ተነሥቼ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስንቴ እንደተነሣሁ ጉልበቴ ይመስክር።

የሐሙሱ ውጤት ምንም ይሁን ምን ከዚህ ቤት አትወጣም። ቆርጫለሁ። ሆኖም አንቺ ቅር ብሎሽ ከሆነ እንቅልፍ አይወስደኝምና እሺ በይኝ። በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ብለሽ ከጀመርሽ ስንት ዓመት ሆነ? ልወቅስሽ አይደለም፤ ሥራ ነው፣ ይገባኛል። ግን ስትመጪ የት አርፋለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ከኔ ጋር ትተኛለሽ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ የአልጋዬ አንዱ ወገን ሳይሞቅ ነው የሚነጋው።

በወጣሽበት የሚጠብቅሽ፣ በገባሽበት የሚቀበልሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። ደግ ሰው ይግጠምሽ። ከታመምሽ የሚያስታምምሽ፣ ቢርብሽ የሚያጎርስሽ፣ ባዕድ ናት የማይልሽ ሰው አይጥፋሽ።

እናትሽ

ቆይ፣ ይኸው አሳለች። ተመስገን። ውሃ ልውሰድላት።