የዘጋንልዎ ባሕር

ውድ አጎቴና አለቃችን ራቱ ኔማኒ፣

ይህን የምጽፍልዎ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ፈራሁ። በሕይወት ላለ ሰው ይህን የምናገርበት አፍ የለኝም።

እርስዎን የቀበርን ዕለት፣ ወጉ እንደሚያዘው፣ ባሕሩ ውስጥ ባለው የኮራል ዐለት ላይ እንጨት ተክለን ባሕሩን ለመቶ ቀን ዘጋንልዎ። ማንም ዓሣ እንዳያጠምድ፣ አሸዋው ላይ የሚሳበውን እንስሳ፣ የባሕር ኪያርን፣ እንዳይለቅም መላው መንደር የመሐላ መጠጣችንን ካቫን ጠጥተን ማልን። መቶው ቀን ሲሞላ ለመታሰቢያዎ ድግስ የሚሆነውን አውጥተን፣ የቀረውን በጋራ ሸጠን የትምህርት ቤቱን ጣራ እንቀይራለን ተባብለን ነበር።

በአርባኛው ቀን ገደማ ነጋዴው መጣ፤ የባሕር ኪያር እየገዛ ወደ ቻይና የሚልከው። ሰዉን ለየብቻ እያነጋገረ በር በር ዞረ። የእኔም ደጅ ቆሞ ሳቅ እያለ፣ "እናንተ ብቻ ሞኝ ሆናችሁ ቀራችሁ እኮ! ኬሌራ ቤት ትናንት አንድ ጆንያ ሸጡልኝ" አለኝ።

ጎረቤቴን ኬሌራን ያውቋታል፤ አብረን ነው ያደግነው። ብቅ ብዬ "እውነት ነው ወይ?" ብላት ምን ነበረበት? አልጠየቅኋትም። እነሱ እየለቀሙ እኔ ብጠብቅ የሚተርፈኝ ባዶ አሸዋ ነው ብዬ አሰብኩ። ባይለቅሙም ደግሞ ቀድሜ ብወስድ ትርፉ የእኔ ነው። በየትኛውም በኩል ባሰላው መልቀሙ ይሻለኝ ነበር። ጉዱ ግን፣ መንደሩ ሁሉ እንደ እኔ ማስላት ይችላል።

ባሌ ሴኮቬ አመነታ። "የሟች ባሕር ነው፣ ይቅርብን" አለኝ።

"ሟቹ የእናቴ ወንድም አይደሉ እንዴ? የእህት ልጅ ከአጎቷ ያማራትን ብታነሳ ማን ይናገራታል?" አልኩት።

ወጋችን ነው፤ በልጅነቴ ከሳህንዎ ላይ ዓሣ ስነጥቅዎ ይስቁ ነበር። ይህ ግን የሳህን ዓሣ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ቢሆንም ለቅመን አንድ ጆንያ ሸጥንለት።

ነጋዴው የእኛን ጆንያ ይዞ በቀጥታ ኬሌራ ቤት ሄደና ከፍቶ አሳያት። እነሱ የሸጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለእኔ የነገረኝ ውሸት ነበር፤ ይህን የሰማሁት ግን ዘግይቼ ነው። በሳምንቱ ባሕር ያልገባ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሲያመጣለት ነጋዴው ዋጋውን በግማሽ ጣለው። ጠረፉ ሲራቆት ደግሞ ለመጥለቂያ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር እየሰጠ ወንዶቻችንን ወደ ጥልቁ ይሰድ ጀመር። ሴኮቬ አንድ ቀን ከጥልቁ ሲወጣ የጠላቂዎች ሕመም ያዘው፤ ግራ እግሩ ደነዘዘ።

"በቃህ፣ ተው" ስለው፣ "እኔ ብተው ታኒዬላ ይተዋል?" አለኝ። ታኒዬላ የኬሌራ ባል ነው።

ትናንት መንደሩ ተሰበሰበ። "ማነው የጀመረው?" ተባለ። ኬሌራ እያለቀሰች ተነስታ፣ "እኛ ሸጠናል፣ አንዋሽም" አለች። ሰው ሁሉ ታኒዬላ ላይ ጮኸበት።

"አንተ ሆዳም! የአለቃው አፈር እንኳ ሳይደርቅ?" አለው አንዱ ሽማግሌ።

እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን የጀመርነው እኛ መሆናችንን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ሲሊንደሩ ሁሉ መሰብሰቢያው ቤት እንዲገባ ተስማማን። ሴኮቬም አንድ አስረከበ። ሁለት ነበረው።

"ሌሎቹስ ያልደበቁ ይመስልሻል?" አለኝ ማታ።

ዛሬ ጠዋት ስነቃ እሱም ሲሊንደሩም የሉም። ጀልባችን ከኮራሉ ወዲያ ባዶዋን ትንሳፈፋለች። እየጮህኩ ስወጣ መጀመሪያ የደረሰልኝ ታኒዬላ ነው። "የቱ ጋ ነው የሚጠልቀው? ቶሎ ንገሪኝ እንጂ!" አለኝና፣ ከመሰብሰቢያው ቤት ሲሊንደር አንስቶ፣ ሌሎቹን አስከትሎ ሄደ። ትናንት በእኔ ዝምታ የተሰደበው ሰው ባሌን ሊፈልግ ባሕር ወርዷል።

ኬሌራ አጠገቤ ተቀምጣ ትከሻዬን ይዛኛለች። ጀልባዎቹ እየተመለሱ ነው። እጁን የሚያወዛውዝ ሰው አይታየኝም። ከመድረሳቸው በፊት፣ ምን ይዘው እንደመጡ ሳላውቅ፣ እውነቱን ልነግራት ይገባል።

ነገርኳት። እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች።

አጎቴ፣ መቶው ቀን ገና አልሞላም፤ ባሕሩ አሁንም የእርስዎ ነው። የእህት ልጅ ስትለምን እንቢ አይባልም። ባሌን ይመልሱልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ሎሳሊኒ