የስኩዊድ መንቁር፣ የልጄ ጥፍር

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ። ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ይሁንልሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን ተወ፤ አባትሽ «እኔ ነኝ የጠገንኩት» እያለ ሰፈሩን አዳረሰ። የጠገነውስ ቧንቧ ሠራተኛው ነው።

ስለ ባሕር እንስሳት ምርምርሽ ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አወራኋት። «ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ፤ መንቁርም አለው» ስላት፣ «መንቁር ካለውማ ዶሮ ነዋ!» ብላ መርፌው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ኮራ ብዬ፣ መንቁሩ ሲያድግ አይሶቶፕ የምትሉት የምግቡ አሻራ በየንብርብሩ እንደሚቀር፣ አንቺም እሱን ለክተሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ምን ሲበላ እንደኖረ እንደምትደርሺበት አስረዳኋት።

«ጎሽ! ሰው ቢሆን ይዋሽ ነበር» አለችኝ።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። በደወልኩ ቁጥር «በልቻለሁ፣ እማዬ» ትያለሽ፤ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ግን ጉንጭሽ የት ገባ? የሰው ጥፍርም እንደ መንቁሩ የበላውን ይናገራል ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። እንግዲህ አደራሽን፣ ለእረፍት ስትመጪ ጥፍርሽን ሳትቆርጪ ነይልኝ። አሥር ጣት፣ አሥር ምስክር!

በሰላም ያግባሽ፣ የእኔ ሳቂታ። ይዘሽው የመጣሽውን ጥፍር እኔው እቆርጥልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚበቅለው ስለ እናትሽ እጅ ይመስክር።

እናትሽ