ከማራገቢያዎ ሥር ስላለው ረቂቄ

ለተከበሩ የአሳታሚ ድርጅቱ ዋና አርታኢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው ነፋሻ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። በነፋሻነቱ እንኳ አልጠራጠርም፤ የጠረጴዛዎ ማራገቢያ ፊትዎ ድረስ ከፍ እንዲል የተቀመጠው በእኔ የአጫጭር ልብወለዶች ረቂቅ ላይ ነውና። የመጀመሪያ ሥራው እንደርስዎ ላለ ሰው እፎይታ መስጠቱ ለአዲስ ተመራቂ ትንሽ ክብር አይደለም።

ረቂቁን ሳይገልጡ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ራስህን ብራንድ አድርግ፤ አሥር ሺህ ተከታይ ይዘህ ና» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ምክርዎን በመፈጸሜ የደረሰብኝን ግን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ደራሲ መምሰል ከመጻፍ ይከብዳል። አገጬን በእጄ ደግፌ በመስኮት አሻግሬ ስመለከት፣ ፎቶ የምታነሳኝ እህቴ «ጥርስህን ነው?» ብላ ሥራ አስፈታችኝ።

፪. ለወራት የተከተሉኝ አክስቴና አንድ ጫማ ሻጭ ብቻ ነበሩ። አክስቴም ብትሆን በእያንዳንዱ ጽሑፌ ሥር «ሥራ አገኘህ ወይ የኔ ጌታ?» እያለች በአደባባይ ትጠይቀኛለች።

፫. ጀግናዬ የሚሞትበትን ገጽ በቪዲዮ ሳነብ፣ እናቴ ከኋላዬ ብቅ ብላ «ሰውዬው እስኪሞትልህ ዝናቡ አይጠብቅም፤ ተነስና ልብሱን አስገባ» አለች። ያየው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያሉኝ አሥር ሺህ ሞላ፣ ተረፈም፤ ሁሉም ግን የሚጠይቀው «እማማስ?» እያለ ነው።

እርስዎም ቃልዎን አላጠፉም፤ ትናንት ደወሉልኝ። ስለ ረቂቄ መስሎኝ ሳዳምጥ፣ የፈለጉት የእናቴን ቁጣዎች ሰብስበው በመጽሐፍ ለማውጣት ኖሯል። «የእኔስ ረቂቅ?» ብል «የቱ ረቂቅ?» አሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ ይታተምልኝ ብዬ አላስቸግርዎም። ይነበብልኝ ነው የምለው። አይረባም ካሉኝም እቀበላለሁ፤ ብቻ አንብበው ይበሉኝ። እስካሁን ያገላበጠው ነፋሱ ብቻ ነው።

ለማራገቢያዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣
በተከታይ ሀብታም፣ በአንባቢ ድሃ የሆንኩት
ታዛዥዎ፣ የእማማ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ጥሪዎን አክብራ ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ትገኛለች። ውል ልትፈርም እንዳይመስልዎ፤ ረቂቁ የት እንዳለ ነግሬያታለሁ። ቪዲዮ የምታነሳው እህቴ ናት።