ታናሼ ቀደመችኝ

ግንቦት 1

ዛሬም ዋሸሁ። እማዬ «ግቢ እንጂ» ስትለኝ «አልችልም፣ መጥቶብኛል» ብዬ ከልደታ ማርያም አጥር ውጭ ቆምኩ። የመጣባት ሰናይት ናት። ታናሽ እህቴ! አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንደሷ ውጭ የቆሙት ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት፤ አንዷማ «ደረስሽ አይደል?» ብላ ሳመቻት። እኔ አሥራ ስድስት ሞልቶኝ የወር አበባ የሚባል አይቼ አላውቅም። እሷ ውጭ ቆማ እኔ ከሕፃናት ጋር ልግባ? ከጥር ጀምሮ እንዲሁ እየዋሸሁ ነው።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ። እኔን የሚያመኝ ግን ሆዴን ነው።

ግንቦት 2

ሕመሙ ብሷል። በየወሩ እየመጣ ሲያጣምመኝ ዓመት አለፈው። ከእምብርቴ በታች ጠጥሯል፣ የዩኒፎርሜ ዚፕም አልዘጋ ብሏል።

እማዬ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ለሁለታችን ጨርቅ አከፋፍላን ነበር። ሰናይት የሷን አጥባ ስታሰጣ እኔም ንጹሑን ጨርቄን አጥቤ ከጎኑ አሰጣሁ። የሚያየኝ ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር።

በቀበሌ ዳቦ ሰልፍ ላይ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሆዴን አዩና «ወፈርሽሳ» አሉኝ። በዚህ ኑሮ ማን ይወፍራል?

ግንቦት 4፣ እሑድ

ከቀበሌ ስብሰባ መልስ እትዬ አስካለ እማዬን ለብቻዋ አነጋገሯት። እማዬ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ከማን ነው?»

ከማንም እንዳልሆነ ነገርኳት። የወር አበባዬ ራሱ መጥቶ እንደማያውቅ፣ በሰናይት ቀንቼ እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም። «ጨርቅሽን አይቻለሁ፣ ጠብታ የለበትም። እርግዝናሽን ልትደብቂ ነው ያታለልሽኝ» አለች። አባዬ ሰፋሪ ለማጓጓዝ ሾፌር ሆኖ ከሄደ ሁለት ወሩ ነው። ሲመለስ ከቤት ያባርርሻል አለችኝ።

እራት ላይ ለሰናይት አጎረሰቻት፤ እኔን አላየችኝም። ሰናይትን ጠላኋት፣ ምን አደረገችኝ?

ግንቦት 5

ጠዋት ሽንት እምቢ አለኝ። ስጮህ እማዬ ደነገጠች፤ ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ምን ሆና ነው ሲሏት «አርግዛ ነው» አለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሐኪሙ እሷን አስወጥተው እኔን ጠየቁኝ። ነርሷ አንሶላ አልብሳኝ እጄን ያዘችኝ። ከውጭ ብቻ ነው የሚያዩት፣ ምንም አያምሽም አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ሐኪሙ አስረዱኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ የወር አበባ መውጫው በስስ ሥጋ ተዘግቷል። ደሙ በየወሩ እየመጣ መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል፤ ሽንቴንም የያዘው እሱ ነው። ነገ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይከፍቱልኛል።

መቼ ጀመረኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዓመት ሳያልፈው አይቀርም» አሉ። ሰናይት የጀመራት በገና ነው። ቀድሜያት ነበር ማለት ነው! ቀዶ ጥገና እየጠበቀኝ በዚህ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ግንቦት 6

አስተኝተው ሠሩኝ። ስነቃ ሆዴ ቀሎኛል። ወደፊት መውለድም እችላለሁ ተብያለሁ።

ሐኪሙ እማዬን ጠርተው «እርግዝና አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም ነበር» አሏት። እያለቀሰች ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ እጄን ሳመችኝ። ሰናይት አጥሚት ይዛ መጣች። «አመመሽ?» አለችኝ፤ ቀድሜያት እንደነበር አልነገርኳትም። እትዬ አስካለም ብርቱካን ይዘው መጡ። እማዬ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ልጄ ንጹሕ ናት፣ ሐኪሙ ራሳቸው ነገሩኝ» አለቻቸው።

እኔም ነግሬያት ነበር። መዋሸቴን አውቃለሁ፣ ግን እሑድ ዕለት እውነቱን ነው የነገርኳት። አልቅሼ፣ ምዬ። ሐኪሙ አንዴ ሲናገሩ አመነቻቸው። ዛሬ የቀናሁት በሰናይት አይደለም፣ በሐኪሙ ነው።

እማዬ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እጇ እግሬ ላይ ነው። እግሬን ልሰበስብ አልኩና ተውኩት።