የባሕር አልጌ ኢንዛይሞች ተመራማሪያችንን ዕረፍት አስመልክቶ የተሰጠ መግለጫ

የባሕር ዕፅዋት ምርምር ማዕከል አመራርና ሠራተኞች፣ የአልጌ ቤተ ሙከራ ከፍተኛ ተመራማሪ የነበሩት ባልደረባችን በድንገተኛ ሕመም ከትናንት በስቲያ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የምናስታውቀው በከባድ ኀዘን ነው። በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ መግለጫ ስናወጣ የመጀመሪያችን አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞናል።

በ1984 ዓ.ም. ማዕከሉን የተቀላቀሉት እኚህ ባለሙያ፣ አልጌዎች ናይትሮጅንን ለምግብነት የሚያውሉባቸው ኢንዛይሞች በየትኞቹ ወገኖች እንደሚገኙ፣ በየትኞቹ እንደሌሉ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። አረንጓዴውን፣ ቀዩንና ቡናማውን አልጌ በየጠርሙሱ አሳድገው መርምረዋል። ሥራው አልቆ እንደሆነ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው «ገና ነው» ስለነበር፣ ወጣቶቹ «ጋሼ ገና» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ዩሪያ የሚሰብረውን ኢንዛይም ከዚያ በፊት ባልታየበት አንድ ቡናማ አልጌ ውስጥ ማግኘታቸውን በአንድ የሳይንስ መጽሔት ጽፈው አስታወቁ። ማዕከሉ ግኝቱን በትልቅ ሰሌዳ አሳትሞ መግቢያው ላይ ሰቀለ፤ በጀትም ተገኘበት።

በ1999 ዓ.ም. ያንኑ አልጌ አብረውት ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አጽድተው በድጋሚ ሲመረምሩት ኢንዛይሙ ጠፋ። ለካ የባክቴሪያዎቹ ኖሯል። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ስህተታቸውን በስማቸው ጽፈው የቀደመው ጽሑፍ ከመጽሔቱ እንዲነሳ አደረጉ። በዓመቱ ከክፍል ኃላፊነታቸው ተነሱ፤ ምክንያቱ የመዋቅር ለውጥ ነው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡ የሚታመን እንዲሆን እያንዳንዱን ጠርሙስ እያጸዱ ሥራውን ከሀ ጀመሩ። አረንጓዴውንና ቀዩን ጨርሰዋል፤ የቡናማው ገሚስ ቀርቷል። አልጌዎቹ በየጊዜው ወደ አዲስ የባሕር ውሃ ካልተዛወሩ ይሞታሉ። ይህን በዕረፍት ቀን ሳይቀር ሲሠሩ የነበሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ረዳት እንዲቀጠርላቸው ያቀረቡት ጥያቄ በሂደት ላይ ይገኛል።

ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ባለቤታቸው ትናንት ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው መጥተው፣ የአልጌ ጠርሙሶቹን እያመለከቱ፣ «እነዚህን ከነገ ጀምሮ ማን ነው የሚይዛቸው?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ እንደሚገለጽ ነገርናቸው። እርሳቸውም ካፖርታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ውሃው እንዴት እንደሚቀየር እንድናሳያቸው ጠየቁ።

ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።